የፖስተኛው ሞክሼዎች

አጎቴ የእንስሳት ሐኪም ነው። እንዲህ ብሎ ማስተዋወቁ ለክብሩ ይበጃል እንጂ ሰፈሩ የሚያውቀው «የአሞራ ሐኪም» በሚል ስም ነው። ውሻና ድመት ማከም ወግ ነው፤ ራሰ በራ፣ ጥንብ የሚበላ አሞራ ደረቱ ላይ ለጥፎ «አይዞህ የኔ ጌታ» የሚል ጎልማሳ ሲያዩ ግን ሰዎች መሳቃቸው አይቀርም። እኔም እስቃለሁ። ሌላ ሰው ሲስቅበት ግን ደሜ ይፈላል።

የእህቱ ልጅ ነኝ። የክሊኒኩን ድረ ገጽና ኢሜይል የምይዘው እኔ ስሆን፣ ቢሮዬ የመድኃኒት መጋዘኑ ጥግ ናት። ጠረጴዛዬ ከውሻ ምግብ ጆንያዎች ጋር ሲገፋፋ ይውላል። ግልፍተኛ ነሽ ይሉኛል። ዓመት ሙሉ ከጆንያ ጋር ተጋፍቶ ግልፍተኛ የማይሆን ሰው ካለ ይምጣና ልየው።

በዚህ ቤት አንድ ልማድ አለ። የተጎዳ ወፍ ይዞ የመጣ ሰው አይከፍልም፣ አይከፈለውምም፤ ትርፉ ሞክሼ ማግኘት ነው። ሹፌሩ ያመጣው አሞራ «ሹፌሩ» ይባላል፣ መምህሯ ያመጣቻት ጭልፊት «መምህሯ»። ሰው ደግሞ ይህን ሲወድ! ዳቦ ጋጋሪው ሊጡን ትቶ ይደውልና «ሞክሼዬ ዛሬ የት ዋለ?» ይለናል፤ እኛም የዋለበትን እንነግረዋለን።

የምንነግረው ከኢሜይል አይተን ነው። ድኖ የሚለቀቅ ወፍ ሁሉ ጀርባው ላይ እኛ «ቦርሳ» የምንላት ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ መሣሪያ ትታሰርለታለች። ቦርሳዋ በፀሐይ ኃይሏን ትሞላለች፣ ያለችበትን ለሳተላይት ትናገራለች፣ የሳተላይቱ ድርጅት ደግሞ ወሬውን በኢሜይል ይልክልናል። እያንዳንዷ ቦርሳ የራሷ ቁጥር አላት፤ ቁጥሩም የኢሜይሉ ርዕስ ላይ ይወጣል። ክፋቱ ድርጅቱ ከወፎቹ ወሬ ጋር፣ ከዚያው አድራሻ፣ የማስታወቂያ መዓት ያዘንብብናል። አንድ ሰሞን የመልዕክት ሳጥናችን ጢም ብሎ ሞልቶ የደንበኞቻችንን ኢሜይል ሁሉ ከበር ይመልስ ጀምሮ ነበር።

ስለዚህ ማጣሪያዎች አበጀሁ። ማጣሪያ ማለት ኢሜይላችንን ተቀብሎ የሚያኖረው ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ትእዛዝ ነው፤ «ርዕሱ ላይ ይህ ቁጥር ያለበት ኢሜይል ሲመጣ እዚህ ፎልደር ውስጥ ክተተው» ይላል። ከሁሉም ግርጌ ጨካኙን አስቀመጥኩት፤ እሱ ደግሞ «ከዚህ ድርጅት መጥቶ ከላይ ያሉት ያልወሰዱትን ሁሉ አጥፋ» ይላል። ለእያንዳንዱ ወፍ ሰርቨሩን የሚያከራየንን የሆስቲንግ ድርጅት ማዘዣ ገጽ፣ ኮንትሮል ፓነል የሚሉትን፣ ከፍቶ፣ ገጽ በገጽ ላይ እየተጫኑ ማጣሪያ መሥራት አሰልቺ ነው። ደግነቱ ፓነሉ ኤፒአይ የሚሉት የጓሮ በር አለው። ሰው በፊት ለፊት ገብቶ ከሚለፋ፣ ፕሮግራም በጓሮ ገብቶ «ይህን ማጣሪያ ፍጠር» ቢለው ወዲያው ይፈጥራል። ለአጎቴም አንዲት ገጽ ሠራሁለት። የወፉን ስምና የቦርሳዋን ቁጥር ጽፎ «መዝግብ» የሚለውን ሲጫን፣ ፕሮግራሜ በጓሮ ይሮጥና ፎልደሩን በቦርሳዋ ቁጥር፣ ማጣሪያውን በወፉ ስም ፈጥሮ ይመለሳል። ገጿ «ተመዝግቧል» ስትለው አጎቴ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላታል።

የመጀመሪያው ፖስተኛ፣ አሞራውን ማለቴ ነው፣ የሰፈራችን ፖስተኛ ይዞት ሲመጣ ከፖስታ ከረጢቱ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ ነበር። የመብራት ሽቦ መትቶት ክንፉ ከመገጣጠሚያው አጠገብ ተሰብሯል። እዚያ ቦታ የተሰበረ ወፍ ላይ ማንም አይደክምም፤ መጻሕፍቱም በመርፌ አሳርፉት ነው የሚሉት። አጎቴ ግን እንቢ አለ። ቀጫጭን ብረቶች በራሱ ብልሃት አጥፎ አጥንቱን አያያዘው። አሞራው ዳነ፣ ቦርሳዋ ታስራለት ተለቀቀ፣ በረረም። ኢሜይሎቹ ፎልደሩ ውስጥ መከመር ሲጀምሩ አጎቴ በየጠዋቱ ለክሊኒኩ ነርስ ጮክ ብሎ ያነብላት ነበር፤ እሷም ድመት እያጠበች «እሰይ» ትለዋለች።

ከዚያ አንድ ቀን ድምፁ ጠፋ። ሌሎቹ ወፎች ያወራሉ፣ እሱ ጭጭ። አጎቴና ፖስተኛው በሞተር ሳይክል ተፈናጠው የመጨረሻው ኢሜይል ወዳመለከተው ቦታ ሄዱ። አንድ ዛፍ ሥር የተበታተነ ላባ አግኝተው ተመለሱ። አጎቴ በዚያን ቀን የአጥንት ብረቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወረወራቸው። ከዚያ ወዲህ የተመረዘ ያክማል፣ የቆሰለ ይሰፋል፣ የተሰበረ ክንፍ ግን አይነካም።

አሁን ወደምነግራችሁ ጠዋት እንምጣ። ፖስተኛው በሩን በክርኑ ገፍቶ ገባ። ካፖርቱን አውልቆ የሆነ ነገር ጠቅልሎበታል፤ ከጥቅልሉም መንቁር ወጥቷል።

«ዶክተር! ሦስተኛ ሞክሼ አመጣሁልዎ!»

ሦስተኛ ያለው እውነቱን ነው። የመጀመሪያው ከተለቀቀ በኋላ ተመርዞ ያገኘው ሌላ ወጠጤ አሞራ ነበር፤ እሱም ድኖ ተለቋል። ስናወራ «ትልቁ ፖስተኛ» እና «ትንሹ ፖስተኛ» እያልን እንለያቸዋለን።

አጎቴ አዲሱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ክንፉን በጣቶቹ ዳሰሰ። ሲዳስስ ዓይኑን ይጨፍናል። መገጣጠሚያው አጠገብ ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ።

«ያው ነው» አለ። «ያው ቦታ።»

«ታዲያ ያውቁታላ!» አለ ፖስተኛው ደስ ብሎት።

«አውቀዋለሁ። የማልነካውም ስለማውቀው ነው።» ወደ ነርሷ ዞረ። «ማስታገሻ ስጪው፣ እንዳይሰቃይ። የውጪውን ወረፋ ልጨርስና መርፌውን እወጋዋለሁ።»

የቱን መርፌ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ፖስተኛው ካፖርቱን እንደ ሕፃን ልብስ አጣጥፎ ደረቱ ላይ ያዘ። እኔ ግን ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

«ጋሼ፣ አንዱ ሞተ ብለህ ይሄኛውን ትገድለዋለህ?»

«አንዱ ዝም ብሎ አልሞተም። ያልዳነ ክንፍ ዳነ ብዬ ከሰማይ የጣልኩት እኔ ነኝ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቢሞት ይሻለው ነበር።»

«ቢያንስ ሞክር!»

«አንቺ ሂጂና ኮምፒውተርሽን ሞክሪ።»

ሄድኩ። በሩን በኃይል ስዘጋው አንድ ጆንያ ተንሸራቶ እግሬ ላይ ወደቀና እሱንም ሰደብኩት። ከዚያ በእልህ ከካርቶኑ አዲስ ቦርሳ አወጣሁ፣ የአጎቴን ገጽ ከፈትኩ፣ ስም፦ ፖስተኛው፣ ቁጥሩንም ሞላሁና «መዝግብ» ብዬ ተጫንኩ። ይህ አሞራ ቦርሳ አለው፣ ማጣሪያ አለው፣ ይበራል ብዬ ወረቀቱን አትሜ አፍንጫው ሥር ልደቅንበት ነበር። ገጿ «ተመዝግቧል» አለችኝ። ፓነሉን በጓሮ በር «ያሉህን ማጣሪያዎች ዘርዝርልኝ» ብዬ ጠየቅሁት፤ ዘረዘረልኝ።

ሹፌሩ። መምህሯ። ዳቦ ጋጋሪው። ፖስተኛው። ግርጌው ላይ ጨካኙ።

አንድ ፖስተኛ ብቻ! ቁጥሩን አየሁት፤ እጄ ላይ ያለችው አዲሷ ቦርሳ ናት። ትንሹ ፖስተኛስ? ገና ትናንት ኢሜይል የላከልን ወጠጤ ማጣሪያው የት ሄደ? ዝርዝሩን ደግሜ አስመጣሁት። የለም። ከመመዝገቤ በፊት ነበር፤ ከመዘገብኩ በኋላ የለም። የኤፒአዩን መመሪያ ከፍቼ በዓይኔ ስበረብር አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፤ በዚህ ስም የተቀመጠ ማጣሪያ ካለ አዲሱ ይተካዋል ትላለች። ጥያቄ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ለኛ ሁለት ሰው አንድ ስም ቢኖረው ሞክሼ ነው፤ ተቃቅፎ ይስቃል። ለፓነሉ ግን ሞክሼ የሚባል ነገር የለም፤ ኋላ የመጣው ፊተኛውን አስነስቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።

የትልቁን ፖስተኛ ፎልደር ከፍቼ የመጨረሻውን ኢሜይል ቀን አየሁ፤ የትንሹን ፎልደር ከፍቼ የመጀመሪያውን ቀን አየሁ። አንዱ ባበቃበት ማግስት ሌላው ይጀምራል። አጎቴ ትንሹን በዚያው ስም ሲመዘግብ የትልቁ ማጣሪያ ተነሥቷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ የትልቁ ኢሜይል ሁሉ፣ መጥቶ ከሆነ፣ ማንም ሳይወስደው ግርጌ ድረስ ወርዶ ጨካኙ አጥፍቶታል። እኔ ፕሮግራሙን ስጽፍ ስም ይደገማል ብዬ አላሰብኩም፤ አጎቴም ስሙን ሲደግም ፕሮግራም ይቆጣል ብሎ አላሰበም። አጎትና የእህት ልጅ ተጋግዘን አንድ ጤነኛ አሞራ ቀብረን ይሆናል!

ከወንበሬ ስነሣ ጆንያውን ዘልዬ ነው የወጣሁት።

«ጋሼ! መርፌውን እንዳትነካ!»

አጎቴ የአንድ ትልቅ ውሻ ጆሮ እያጸዳ ነበር። ውሻው ከእሱ ይልቅ በእኔ ደነገጠ። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስሙን፣ ማጣሪያውን፣ ጨካኙን። ፖስተኛው ከግማሹ በላይ አልገባውም፤ ግን «ሞክሼዬ በሕይወት አለ?» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ።

አጎቴ ጥጡን አስቀመጠ። «ኢሜይሎቹን አሳዪኝ።»

«ጠፍተዋላ! እሱን እኮ ነው የምልህ። የሰርቨሩ መዝገብ ከድርጅቱ ብዙ ኢሜይል መጥቶ እንደጠፋ ያሳያል፤ ርዕሱን ግን አይጽፍም። ማስታወቂያውም የወፉም ወሬ ከአንድ አድራሻ ነው የሚመጣው።»

«ስለዚህ መጥቶ ከሆነ ይጠፋ እንደነበር አወቅሽ። መምጣቱን ግን አላወቅሽም።»

ንዴቴ የበዛው እሱ ልክ ስለሆነ ነው።

«ላባውን በእጄ ለቅሜያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ተስፋ አትስጪኝ። ተስፋው አልቆብኝ ገና መተኛት መጀመሬ ነው።»

«ዶክተር፣ ላባማ ሁሉም አሞራ ይጥላል» አለች ነርሷ ከወዲያ፣ የተኛውን አሞራ ራስ እየደገፈች። አጎቴ ዞር ብሎ አያት፤ እሷ ግን ከአሞራው ላይ ዓይኗን አላነሣችም።

«ጋሼ፣ ቦርሳዎቹ ፀሐይ ሲበረታ ነው የሚልኩት። ትንሽ ብቻ ጠብቅ።»

«ወረፋውን እስክጨርስ ብያለሁ። ያልኩት ያልኩት ነው። ወረፋው ሲያልቅ እወጋዋለሁ።»

አጎቴ ቃሉን አያጥፍም። ውጪ ስመለከት ወንበሮቹ ላይ ያሉት አንዲት ሴትዮ ከነድመቷና አንድ ሰውዬ ከነጥንቸሉ ብቻ ናቸው። ወደ ኮምፒውተሬ ሮጥኩ። ፕሮግራሙን ከፍቼ የማጣሪያው ስም የወፉ ስምና የቦርሳዋ ቁጥር አንድ ላይ እንዲሆን አደረግሁ፤ ሺህ ፖስተኛ ቢመጣ እንኳ እንዳይነካካ። ሁለቱንም ሞክሼዎች እንደገና አስመዘገብኳቸው። ፓነሉ የውሸት ኢሜይል ሰጥተውት የት እንደሚያደርሰው የሚነግርበት መሞከሪያ አለው፤ የትልቁን ቁጥር ርዕስ ላይ ጽፌ ሰጠሁት። ወደ ፎልደሩ ይገባል አለኝ። ለማረጋገጥ ደግሜ ሞከርኩት።

አሁን የቀረው መጠበቅ ነው። ላፕቶፑን አቅፌ ወደ መጠበቂያው ክፍል ስወጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ወንበሮቹ ሞልተዋል። ቆመው የሚጠብቁም አሉ። ደብዳቤ የሚያድልበትን ጎዳና እያንዳንዱን በር የሚያውቀው ፖስተኛ በየቤቱ እያንኳኳ «ዶክተሩ ዛሬ እጁ ባዶ ነው፣ ያቺ ውሻሽ ክትባት ደርሶባታል» እያለ ሰዉን ነድቶ አምጥቶታል። አንዲት አሮጊት ምንም ያልሆነች ዶሮ ታቅፈው መጥተዋል።

«ምን ሆናብዎት ነው እማማ?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ፣ ፖስተኛው ፊቷ ጠቁሯል አለኝ።»

አጎቴ በሩን ከፍቶ ወረፋውን ሲያይ ነገሩ ገባው። ፖስተኛው ላይ አፈጠጠ። ፖስተኛው ደግሞ የፖስታ ከረጢቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በአጎቴ ከንፈር ጠርዝ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ መሳቅ ጠልቶ ዋጠው እንጂ ሳቅ ነበር። «ቀጣይ!» ብሎ ተመለሰ።

ቀጣይ፣ ቀጣይ፣ ቀጣይ። እኔ በየመሃሉ ፎልደሩን አድሳለሁ። ሰማዩን አያለሁ፤ ደመና አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል። ፖስተኛው ካጠገቤ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ስክሪኑ አስግጓል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በር ላይ ቆሞ እኔን ሲጠብቀኝ ‹ምን ያጣድፈዋል› እል ነበር» አለኝ። «ለካ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ድንገት አንድ ፎልደር ላይ የአዲስ መልዕክት ምልክት በራ። ጮህኩ። ፖስተኛው ጮኸ፣ ዶሮዋም ጮኸች። አጎቴ ጓንቱን እንዳጠለቀ ብቅ አለ። ቁጥሩን አየሁት፤ የትንሹ ነው። «ትንሹ ነው» አልኩ። አጎቴ ትከሻው ወርዶ ተመለሰ። ያ ሰውዬ ተስፋ አትስጪኝ ያለኝ፣ ተስፋ አድርጎ ነበር የወጣው።

ወረፋው ቀለጠ። አሮጊቷ ዶሮዋ ጤነኛ መሆኗ ተነግሯቸው ሲወጡ ወንበሮቹ ባዶ ቀሩ። ፖስተኛው ሌላ ሰው ሊያመጣ ተነሣ፣ አጎቴ ግን በሩ ላይ ቆመ።

«በቃ» አለ። «ይሄ ወፍ ለእኛ ብሎ መሰቃየት የለበትም። እናንተም ከዚህ በላይ አታስጠብቁኝ።»

ወደ ውስጥ ገባ። የመስታወት ጠርሙስ ከትሪ ጋር ሲነካካ ሰማሁ። ፎልደሩን አደስኩ። ምንም። አደስኩ። ምንም። ነርሷ «ዶክተር፣ ትንሽ...» ስትል፣ እሱ «ያዥልኝ» ሲላት ሰማሁ። አደስኩ።

አንድ።

የፎልደሩ ቁጥር የትልቁ ነው! መጮህ አቃተኝ፤ ላፕቶፑን ይዤ ስሮጥ ፖስተኛው ከኋላዬ ሲሮጥ ሁለታችንም በሩ መሃል ተጣበቅን። አጎቴ መርፌውን እንደያዘ ቀና አለ።

«ትልቁ ነው! አሁን የላከው ነው! ከተራሮቹ ማዶ ነው ያለው፣ በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ይሄዳል!»

«የሞተ ነገር ስልሳ ኪሎ ሜትር አይሄድም ዶክተር!» አለ ፖስተኛው።

«ሬሳውን መኪና ላይ ጭነውት ቢሆንስ?» አለ አጎቴ። ድምፁ ግን ተሰንጥቋል። «ከፍታውን... ከፍታውን አንብቢ።»

ስክሪኑ ዓይኔ ላይ ተደበላለቀብኝና በመዳፌ ፊቴን ጠረግሁ። «ከመሬት በላይ አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር።»

እዚያ ላይ የሚሄድ መኪና የለም። አጎቴ መርፌውን ትሪው ላይ አስቀመጠ፤ ሲያስቀምጠው ሦስቴ ስቶ ነው ያገኘው። ከዚያ ፖስተኛውን አንገቱን አቅፎ ጭንቅላቱን ሳመው፤ ነርሷን ሳማት፤ እኔን «ነገረኛ! ነገረኛ!» እያለ ትከሻዬን ነቀነቀኝ። ሁላችንም በአንድ ጊዜ እያወራን፣ እየሳቅን፣ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም።

መጀመሪያ ከሁካታው የወጣው አጎቴ ነው። እጁን ሊታጠብ ቧንቧው ጋ ቆሞ ውኃው ሲፈስ ያየዋል።

«የድንጋይ ካባው ዘበኛ ያመጣት አሞራ ነበረች» አለ። «እናንተ ያልነበራችሁ ቀን። ያው ቦታ ነው የተሰበረችው። ወጋኋት።»

ነርሷ ተንጠራርታ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ጥቅሉን አወረደች፣ አቧራውን አራገፈች፣ ብረቶቹን በእንፋሎት ልታጸዳቸው ይዛቸው ሄደች። አጎቴ እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ደጋግሞ አጠበ።

ቀዶ ሕክምናው ሲጀመር ፖስተኛው ከመስታወቱ ውጪ ቆመ፤ እኔ ላፕቶፑን እንደያዝኩ ጥግ ያዝኩ። አጎቴ ቆዳውን ከፈተ፣ የተሰበረውን አጥንት አገኘ፣ የመጀመሪያውን ብረት አነሣ። ብረቱ አጥንቱን ሊነካ ሲል እጁ ቆመ።

«አንቺ» አለኝ ቀና ሳይል። «አንብቢልኝ።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ከፍታውን።»

«አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር» አልኩት።

ብረቱን አስገባ። ሁለተኛውን አነሣ።

«ድገሚልኝ።»

ደገምኩለት። የመጨረሻውን ስፌት ቋጥሮ መቀሱን እስኪያስቀምጥ ድረስ እየደጋገምኩ አነበብኩለት።